ወፍራም ባለ ሰሪፍ የአርዕስት ፊደል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የምሠራው ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው መንገድ ካሉት ጠባብ የሕትመት ቤቶች በአንዱ ነው። ደንበኛ ይገባል፣ ስልኩን ያወጣል፣ የሆነ ቦታ አይቶ ፎቶ ያነሳውን ታፔላ ያሳየኛል። «እንደዚህ ወፈር ያለ፣ ግን ደግሞ የሚያምር» ይለኛል። ብዙ ጊዜ የሚያሳየኝ በላቲን፣ ማለትም እንግሊዝኛ በሚጻፍበት ፊደል፣ የተጻፈ ነው፤ የሚፈልገው ግን አማርኛ ነው። ከዚያ የሚከተሉት ጥያቄዎች ስለሚመሳሰሉ፣ ዲዛይን የሚማሩ ልጆችም እየመጡ ያንኑ ስለሚጠይቁኝ፣ መልሶቹን እዚህ ሰብስቤያቸዋለሁ።

የአርዕስት ፊደል ከሌላው ፊደል በምን ይለያል?

በሥራው። የመጽሐፍ ውስጥ ገጽ የሚጻፍበት ፊደል በ10 ወይም በ11 ፖይንት (የፊደል መጠን መለኪያ ነው) ሆኖ ሰው ለሰዓታት ሳይደክመው እንዲያነበው ተብሎ የሚነደፍ ነው። አንባቢው ታሪኩን እንጂ ፊደሉን እንዲያይ አይፈለግም። የአርዕስት ፊደል ግን እዩኝ ባይ ነው። ታፔላ ላይ፣ ፖስተር ላይ፣ የመጽሐፍ ሽፋን ላይ፣ የቡና ከረጢት ላይ፣ የሰርግ መጥሪያ ላይ በትልቁ ይቀመጣል፤ የሚነበበውም ከሁለትና ከሦስት ቃል ብዙም አያልፍም። ስለዚህ ነዳፊው በትንሽ መጠን የማይታሰበውን ሁሉ ይደፍራል፦ ወፍራሙን ጭረት ያደልበዋል፣ ቀጭኑን እንደ ክር ያሳሳዋል፣ በፊደሎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ያጠበዋል።

ያንኑ ፊደል ወደ 9 ፖይንት አውርዳችሁ አንድ ሙሉ ገጽ ብትጽፉበት ቀጫጭኖቹ ይጠፉና ወፋፍራሞቹ ብቻ እንደ አጥር እንጨት ተደርድረው ይቀራሉ።

ሰሪፍ የሚባለውስ?

በላቲን ፊደል የጭረቱ ጫፍ ላይ ወጣ የምትል ትንሽ እግር ናት። ታይምስ ኒው ሮማን አለው፤ ኤሪያል የለውም። በወፍራም የአርዕስት ፊደል ላይ ሰሪፏ ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንድ መልክ ትይዛለች፦ ወይ እንደ ምላጭ የሳሳች ቀጥ ያለች መስመር ትሆናለች፣ ወይ እንደ ጡብ ትወፍራለች። ከሁለቱም የማይመደበው ኩፐር ብላክ ነው። ኦስዋልድ ኩፐር የተባለ የቺካጎ ሰው የነደፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1922 የወጣ ፊደል ሲሆን፣ ጠርዙ ሁሉ ክብ ክብ ብሎ ኩፍ ያለ ሊጥ ይመስላል። ስሙን ባታውቁትም ኢዚጄት የተባለው አየር መንገድ ስሙን የሚጽፍበት ስለሆነ መልኩን አይታችሁት ይሆናል።

መነሻው ከየት ነው?

ከአውሮፓ የማስታወቂያ ግድግዳ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፓርማ ላይ ጃምባቲስታ ቦዶኒ፣ ፓሪስ ላይ ደግሞ የዲዶ ቤተሰብ፣ ወፍራሙና ቀጭኑ ጭረት እጅግ የሚራራቅበት ፊደል ይቀርፁ ነበር። ያ ግን ለመጽሐፍ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የለንደን ፊደል ቀራጮች፣ ከነሱም መካከል ሮበርት ቶርን፣ ያንኑ አካሄድ ይዘው ወፍራሙን ጭረት ብቻ አደለቡት።

ምክንያቱ ገበያ ነው። የሎተሪው፣ የቴአትሩ፣ የመድኃኒቱ ወረቀት አንድ ግድግዳ ላይ ተደራርቦ ይለጠፍ ጀመር፤ በመጽሐፍ ፊደል የታተመውን ዞር ብሎ የሚያየው ጠፋ። እ.ኤ.አ. በ1815 ቪንሰንት ፊጊንስ ሰሪፉ እንደ ጡብ የወፈረውን ዓይነት አሳተመ። ነገር ግን የብረት ፊደል በጣም ሲተልቅ ከባድም ውድም ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1827 አሜሪካ ውስጥ ዳርየስ ዌልስ ፊደልን ከእንጨት በብዛት የሚፈለፍልበትን መንገድ ካገኘ ወዲህ ነው የፖስተር ፊደል እንደ ልብ መተለቅ የቻለው።

ግዕዝ ሰሪፍ አለው?

ስሙ የለም፤ ነገሩ ግን አለ። ብራና ላይ የሚጽፍ ሰው መቃውን ቀርጾ ጫፉን ይሰነጥቃል። ብዕሩ ወደ ታች ሲወርድ ወፍራም ይጽፋል፣ ወደ ጎን ሲሄድ ቀጭን። የፊደላችን እግር የሚወፍረው፣ እግሮቹን ከላይ የሚያገናኘው መስመር የሚሳሳው ለዚህ ነው። ብዕሩ ሲያርፍና ሲነሳ ደግሞ በጭረቱ ራስና ጫፍ ላይ ሰያፍ ቁራጭ ይተዋል። «ለ»ን ወይም «በ»ን ከጽሕፈት በተቀዳ ደህና ፎንት ጻፉና ስክሪኑን እስኪሞላ አተልቁት፤ እግሮቹ ቀጥ ብለው ሳይሆን ሰያፍ ሆነው ተቆርጠው ታያላችሁ። የኛ ሰሪፍ እሷ ናት።

ጸሐፍቱ ጽሕፈቱን ራሱን በዓይነት ለይተው ይጠሩታል፤ ጉልሕ አለ፣ ረቂቅ አለ። ጉልሑ ተለቅና ወፈር ብሎ፣ ቦታ ተሰጥቶት የሚጻፈው ነው። ረቂቁ ደቀቅ ይላል። እንግዲህ ለእይታ ተብሎ የሚወፍር ፊደል ከውጭ የመጣብን እንግዳ አይደለም። ካፒታልና ትንሽ ፊደል ስለሌለን፣ ዘመም ብሎ የሚጻፍ ዓይነትም በልማዳችን ስለሌለ፣ ጸሐፊው አንድን ነገር ለይቶ ማሳየት ሲፈልግ በእጁ የነበሩት መጠን፣ ውፍረትና ቀይ ቀለም ናቸው። የቅዱሳን ስም በቀይ የሚጻፈው እንዲሁ ለጌጥ ብቻ አይደለም።

በግዕዝ ፊደል የመጀመሪያው መጽሐፍ የታተመው ሮም ላይ እ.ኤ.አ. በ1513 ነው፤ መዝሙረ ዳዊት ሲሆን ያሳተመው ዮሐንስ ፖትከን የተባለ ጀርመናዊ ነበር። እኛ ዘንድ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በ1914 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ ዛሬም አራት ኪሎ ነው ያለው። በኔ ዓይን ፊደላችን ከብራና ወደ ብረት፣ ከብረት ወደ ኮምፒዩተር ሲሻገር ብዙ አትርፏል፤ የጎደለበት ነገር ቢኖር ያቺ የብዕር ሰያፍ ናት። ወፍራም የአርዕስት ፊደል ስትሠሩ መልሳችሁ የምታመጡበት ጥሩ አጋጣሚ ነው።

ያለኝን ፎንት «ቦልድ» ባደርገውስ?

ይህን ገጽ ያስጻፈኝ ይኸው ጥያቄ ነው።

ለዊንዶውስ የተሠራው ናያላ የተባለው ፎንት አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። አቢሲኒካ ኤስ.አይ.ኤል.ም እንዲሁ። ቦልድ የሚባል ፋይል የላቸውም። ስለዚህ ዎርድ ላይ የማድመቂያዋን ቁልፍ ስትጫኑ ሶፍትዌሩ ከየትም አያመጣም፤ ያለውን ፊደል ራሱ በየጠርዙ ያሳብጠዋል። በላቲን ይህ አስቀያሚ ነው፣ ግን ይነበባል። በአማርኛ ግን ቃሉን ይለውጠዋል።

«ሲ» ሣልስ ነው፤ እግሩ ላይ ትንሽ ጭረት አለችው። «ሴ» ኃምስ ነው፤ እግሩ ላይ ቀለበት አለችው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የቀለበቷ ቀዳዳ ብቻ ናት። ፊደሉ በግዴለሽነት ሲወፍር መጀመሪያ የምትደፈነውም ያቺው ቀዳዳ ናት። ከዚያ «ሴ» «ሲ» ይሆናል፣ «ጤ» «ጢ»፣ «ቤ» «ቢ»።

ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ለአንድ ክሊኒክ ላይት ቦክስ፣ ከውስጥ የሚበራ ታፔላ፣ ሠራሁ። «የሴቶችና የሕፃናት ጤና» ነው የሚለው። የመረጥኩት ፎንት ስለቀጠነብኝ ኢላስትሬተር በሚባለው የዲዛይን ፕሮግራም ላይ ዙሪያውን ስትሮክ፣ ማለትም የጠርዝ መስመር፣ ጨምሬ አወፈርኩት። ስክሪን ላይ ያምር ነበር፤ ባለቤቱም ወደደው። ተሰቅሎ አመሻሽ ላይ መብራቱ ሲበራ ብርሃኑ ከጀርባ መጥቶ የፊደሉን ጠርዝ በላው። ሥሩ ቆሜ ሳይ ጋቢ የደረቡ አንድ አባት አጠገቤ ቆም አሉና ቀና ብለው አነበቡት።

«ልጄ፣ ጢና ምንድን ነው?»

«ጤና ነው አባቴ።»

እንደገና አዩት። «ኧረ ጢና ነው የሚለው። ደሞ የሲቶችና ይላል።»

ስቲከሩን ልጬ በራሴ ኪሳራ ደገምኩት። ከዚያን ቀን ወዲህ ማንኛውንም ወፍራም ሥራ የምጀምረው «ሴ»ን ብቻዋን ጽፌ፣ ከሠላሳ እርምጃ ርቀት አይቼ ነው።

ታዲያ በትክክል ማወፈር ማለት ምንድን ነው? እግሮቹን አወፍሩ፤ የሚያገናኘውን መስመርና ቀለበቷን ግን ተዉአቸው፣ ካልሆነም በጥቂቱ ብቻ ንኩአቸው። ቀለበቷ እንዲያውም ከቀጭኑ ፊደል ላይ ካለችው ሰፋ ብትል ነው የሚሻለው። ውፍረቱ ወደ ውስጥ ሳይሆን ወደ ውጭ ይሂድ፤ ማለትም ፊደሉ በወርዱ ይስፋ። «ሐ»፣ «ጠ» እና «ጨ» ሦስት እግር ስላላቸው እንደ «ለ» ሊወፍሩ አይችሉም፤ እግራቸው ቀነስ ቢል ዓይን አያውቅባችሁም። «ሸ»፣ «ቸ»፣ «ኘ»፣ «ዠ» እና «ጀ» ላያቸው ላይ ቆብ አለ፤ ቆቡ ከገላቸው ጋር እንዳይጣበቅ ገላቸው ዝቅ ማለት አለበት።

ጥሩ ወፍራም የግዕዝ ፎንት ብርቅ የሆነውም ለዚህ ነው። የላቲን ነዳፊ 26ቱን በካፒታልና በትንሹ ቀርጾ 52 ላይ ያርፋል። የኛው 33ቱን በሰባት ቤት ሲያባዛ 231 ይደርስበታል፤ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ገና ናቸው። ውፍረት በተጨመረ ቁጥር ደግሞ ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል።

እሺ፣ የትኛውን ፎንት ልጠቀም?

በነፃ ከሚገኙት ውስጥ እኔ ኖቶ ሰሪፍ ኢትዮፒክን አስቀድማለሁ። ከስስ እስከ ጥቁር ወፍራም 9 ውፍረት አለው፣ ጠበብ ያለ ወርድም አለው፣ ቀለበቶቹ እስከ መጨረሻው ውፍረት ክፍት ናቸው። ትንሽ ጨዋ መሆኑ ግን አይካድም፤ ለባንክ እንጂ ለሙዚቃ ድግስ ፖስተር አይጮህም። ኤብሪማ እውነተኛ ቦልድ አለው፤ ሰሪፍ የሌለው ዓይነት ስለሆነ ግን ለዚህ ሥራ አልመርጠውም። ለላቲኑ ወገን ፕሌይፌር ዲስፕሌይ በጥቁር ውፍረቱና አብሪል ፋትፌስ አሉ።

ኖቶም፣ ሁለቱ የላቲን ፎንቶችም የወጡት ኦፕን ፎንት ላይሰንስ በሚባለው ፈቃድ ነው። ለንግድ ሥራ ልትጠቀሙባቸው፣ ሎጎ ልትሠሩባቸው፣ ፊደሉን ልትለውጡት ትችላላችሁ። የማይፈቀደው ፎንቱን ራሱን ብቻውን መሸጥ ነው። ከቴሌግራም የወረደ ፎንት ግን ከየት እንደመጣ ስለማይታወቅ ለሎጎ አትጠቀሙበት፤ ድርጅቱ ሲያድግ ባለቤቱ ብቅ ሊል ይችላል።

አንድ ነገር ልጨምር። ታፔላው «አዲስ ቡና» ብቻ የሚል ከሆነ ፎንት ለምን ትፈልጋላችሁ? አምስት ፊደል ነው። በእጅ አስሉት። በሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የፊደል አጻጻፍ ያስተማሩትን ይገዙ ብሥራትን የመሰለ እጅ ባይገኝ እንኳ፣ ብሩሽ የያዘ ጥሩ የታፔላ ጸሐፊ አምስት ፊደል አያቅተውም።

አማርኛውና ላቲኑ አንድ ታፔላ ላይ ሲሆኑ አንዱ ለምን ይገዝፋል?

ሁለቱንም በ100 ፖይንት ስለጻፋችኋቸው ነው። ፖይንት በሁለት ፊደላት መካከል ዳኛ መሆን አይችልም። የኛ ፊደል ካፒታል ስለሌለው ሁሉም ከሞላ ጎደል አንድ ቁመት ነው። ከላቲኑ ካፒታል ጋር እኩል ካደረጋችሁት ይገዝፋል፤ ከትንሹ ጋር እኩል ካደረጋችሁት ይኮሰምናል። በሁለቱ መካከል፣ ወደ ካፒታሉ ጠጋ አድርጋችሁ አስቀምጡት። ላቲኑ ሙሉ በሙሉ በካፒታል ከተጻፈ ግን እኩል ይሁኑ።

ርዝመቱም ያስቸግራል። «ኢትዮጵያ» 5 ፊደል ነው፣ በላቲን 8። «አዲስ አበባ» 6 ነው፣ በላቲን 10። ሁለቱን መስመር እኩል ለማስረዘም ብለው አማርኛውን እንደ ላስቲክ ወደ ጎን የሚለጥጡ አሉ። ሲለጠጥ እግሩ ይወፍራል፣ አግድሙ ግን እንዳለ ይቀራል፤ ነዳፊው የደከመበት ሚዛን ሁሉ ይበላሻል። አጭር ከሆነ በቁመት ከፍ አድርጉት። ደግሞስ በገዛ ከተማው ከፍ ቢል ምን ይጎዳል?

ውፍረታቸው መመጣጠኑን ለማየት ዓይናችሁን ከደን አድርጋችሁ ተመልከቱ። አንደኛው መስመር ጥቁር፣ ሌላው ግራጫ ከመሰለ አልተመጣጠኑም።

በፊደሎቹ መካከል ያለው ክፍተት ለምን ይዘባረቃል?

ብዙዎቹ የግዕዝ ፎንቶች ጥንድ ጥንድ ሆነው ስላልተለኩ ነው። በትንሽ ጽሑፍ ላይ አይታወቅም፤ በሁለት ሜትር ባነር ላይ ግን ጥርስ የወለቀ አፍ ይመስላል። «ተገኘ» የሚለውን በወፍራሙ ጻፉና እዩት። «ተ» ከግራና ከቀኝ ሥሩ ባዶ ነው፣ «ገ» ደግሞ በቀኙ ክፍት ነው። በእጃችሁ አጠጋጉት። መለኪያው በሚሊ ሜትር አይደለም፤ በፊደሎቹ መካከል አሸዋ ብታፈሱበት በእያንዳንዱ ክፍተት እኩል አሸዋ መያዝ አለበት።

ከመንገድ ማዶ እንዲነበብ ስንት ሴንቲ ሜትር ይሁን?

የታፔላ ሠሪዎች የቆየ ልማድ ለ3 ሜትር ርቀት 2.5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ ከ30 ሜትር ርቀት በደንብ እንዲነበብ ከፈለጋችሁ 25 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ልማዱ የወጣው ግን ለላቲን ነው። ቀለበትና ቅጥያ ስላለብን እኔ ሩብ ያህል እጨምራለሁ፤ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ። አንባቢያችሁ በሚኒባስ መስኮት የሚያይ ከሆነ ከመተለቅ ይልቅ ቃል መቀነስ ይጠቅማችኋል።

ስቲከር ሲቆረጥ ቀጫጭኑ ለምን ይበጠሳል?

ፕሎተሩ (ስቲከር የሚቆርጠው ማሽን) ይቆርጠዋል፤ የሚበጥሰው የኛ እጅ ነው። ከተቆረጠ በኋላ የማይፈለገውን ስቲከር በወረንጦ ይዘን ስንልጥ፣ እንደ ክር የሳሳችው መስመር ከወረቀቱ ጋር ያላት መያዣ ትንሽ ስለሆነ ተያይዛ ትነሳለች። «ጠ» ይቀርና ሦስት ቋሚዎች ብቻ ታገኛላችሁ። የመስታወት በር ላይ ለሚለጠፍ ሥራ ቀጭኑ ጭረት ከ2 ሚሊ ሜትር ባያንስ ጥሩ ነው። የሚኒባስ ጥቅስ የሚቆርጡ ልጆች ይህን ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ወፍራምና ክብ ክብ ያለ ፊደል የሚመርጡት ወደው አይደለም።

ሜኑውን በሙሉ በዚህ ፊደል ልጻፈው?

አይሆንም። «የጾም»፣ «የፍስክ»፣ «ትኩስ መጠጥ» የሚሉትን ርዕሶች ብቻ። የምግቡ ስምና ዋጋው በተራ ፊደል ይሁን፤ ደንበኛው ሽሮ ፍለጋ ዓይኑን ማሸት የለበትም።

ስልክ ቁጥሩስ?

እሱም አይሁን። በወፍራም ባለ ሰሪፍ ፊደል 3 እና 8፣ 6 እና 0 ከርቀት ይመሳሰላሉ። ፕሌይፌር ዲስፕሌይ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ ካልነካችሁት ቁጥሮቹን ከፍና ዝቅ አድርጎ ነው የሚጽፋቸው፤ 9 ከመስመሩ በታች ጅራቱን ያወርዳል፣ 0 ያንሳል። 09 ብሎ የሚጀምር ቁጥር ገና ከመነሻው ሲደናቀፍ ታዩታላችሁ። በሶፍትዌሩ ውስጥ እኩል ቁመት ያላቸውን ቁጥሮች መምረጥ ይቻላል።

የድሮ ጽሑፌን ፎንቱን ስቀይረው ትርጉም የሌለው ላቲን ሆነብኝ። ምን ልሁን?

ጽሑፉ የተጻፈው በድሮው ፓወር ግዕዝ ወይም በመሰል ፕሮግራም ነው። በዚያ ዘመን አንድ ፎንት 256 ቦታ ብቻ ስለነበረው የኛ ፊደል በላቲኑ ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ኮምፒዩተሩ ላቲን ያየዋል፣ ፎንቱ አማርኛ አስመስሎ ይስለዋል። ፎንቱ ሲነሳ ገበናው ይወጣል። ግዕዝ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ዩኒኮድ 3.0 ነው፤ ዩኒኮድ ለየቋንቋው ፊደል የየራሱን ቁጥር የሚሰጥ የጋራ ሥርዓት ነው፤ ዛሬ የሚሠሩ ወፍራም ፎንቶች በዚያ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ጽሑፉን በመቀየሪያ ፕሮግራም ወደ ዩኒኮድ ለውጡት። ሁለት መስመር ከሆነ ግን እንደገና መጻፉ ይፈጥናል፤ ስንት ጊዜ ሰው ግማሽ ቀን ለሁለት መስመር ሲያጠፋ አይቻለሁ።

ከዚህ ጋር አንድ ልመና። ፋይል ወደ ማተሚያ ቤት ስትልኩ ጽሑፉን ወደ አውትላይን፣ ማለትም ፎንት ወደማያስፈልገው ቅርጽ፣ ለውጣችሁ ላኩ፤ ዋናውን ግን ለየብቻ አስቀምጡት። እኔ ጋ ፎንቱ ከሌለ ኮምፒዩተሬ የራሱን መርጦ ያስገባል፤ ያኔ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ስንከራከር ፍሌክሱ (የባነሩ ፕላስቲክ) ታትሞ ያልቃል።

ሁለት ነጥብና አራት ነጥብ ታፔላ ላይ ያስፈልጋሉ?

አራት ነጥብ አያስፈልግም። ሁለት ነጥብ ግን በሁለት ቃላት መካከል በወፍራሙ ሲገባ ያምራል፤ በተለይ ለመጽሐፍ ሽፋን። ነጥቦቹ ከፊደሉ እግር ውፍረት ጋር ይመጣጠኑ። የግዕዝ ቁጥር የምትጠቀሙ ከሆነ ከላይና ከታች ያሉት መስመሮች አይወፍሩ፤ ከወፈሩ መሃሉ ይታፈናል።

የድሮ የፒያሳ ታፔላ ፊደል መቅዳት ይፈቀዳል?

መነሻ አድርጎ መውሰድ ነውር የለውም። የሌላ ድርጅት ምልክት ሆኖ በሥራ ላይ ያለውን እንዳለ መገልበጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ እኔ አልሠራም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ በኮሪደር ልማቱ ሲፈርስ ከቤቶቹ ጋር ብዙ በእጅ የተጻፈ ታፔላ ወርዷል። ቆርቆሮ ላይ በብሩሽ የተጻፈ፣ ጥላ የተደረገለት፣ «ቤ»ዋ ቀለበቷን እንደ ጆሮ ጉትቻ ያንጠለጠለች ዓይነት ነበር። ስልካችሁ ላይ ፎቶው ካለ አትሰርዙት። ፊት ለፊት የተነሳ ከሆነ ደግሞ በላዩ ላይ መሳል ይቻላል። እኔ ጋ አሥር የማይሞሉ አሉኝ፤ ከአንደኛው ላይ «ቡ»ን ወስጄ የአንድ ቡና ቤት ሎጎ ወጥቶልኛል።

አንድን ወፍራም ፎንት ከመግዛቴ በፊት በምን ልፈትሸው?

ሻጩ በሚያሳያችሁ ቃል አትፍረዱ። ሻጭ ሁሉ «ሰላም» ብሎ ነው የሚጽፈው፤ «ሰላም» በየትኛውም ፎንት ያምራል። እናንተ «ሴት» እና «ሲት»ን ጎን ለጎን ጻፉ። «ዣንጥላ» ብላችሁ ቆቡን እዩ፣ «ሕፃን» ብላችሁ የ«ሕ»ን እግሮች ቁጠሩ፣ «ሏ» እና «ቋ» መኖራቸውን አረጋግጡ። በመጨረሻ «ጨጨብሳ» ብላችሁ በጥቁሩ ውፍረት ጻፉና በተራ ወረቀት በ24 ፖይንት አትሙት። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ለጥፋችሁ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ሂዱ። በሁለቱ «ጨ» እግሮች መካከል ነጩ ወረቀት አሁንም ከታያችሁ ግዙት።